ድምፅ እያወጣሽ አንብቢልኝ

ሰበታ ያደገ ሰው የልጅነቱን ጠዋት በአፍንጫው ነው የሚያስታውሰው። ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በኩል የሚፈላ ብቅል ይሸታል፤ ከወጨጫ ተራራ ደግሞ ብርዱ የባሕር ዛፍ ጠረን ይዞ ይወርዳል። እኛ በዚያ መሀል እናቶቻችን የሰፉልንን የጨርቅ ቦርሳ አንግተን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ዛሬ የጅማው መንገድ በከባድ መኪና ተጨናንቋል፣ ፋብሪካው በዝቷል፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሸገር ከተማ በሚል አንድ ስም ሥር ገብተዋል። እኔ ግን ሦስቱንም ለየብቻ ነው የማውቃቸው። በአንዱ ተምሬያለሁ፣ በአንዱ አስተምሬያለሁ፣ በሦስተኛው ደግሞ ይኸው ቤት ሠርቼ እኖራለሁ።

አስተማሪ እንደነበርኩ የሚያውቁ የቡራዩ ጎረቤቶቼ በር ላይ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር ያው ነው። «እትዬ፣ ይኼ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ አፉ አያርፍም፤ ክፍል ሲገባ ግን ዝም ነው አሉ። ምን ይሻለኛል?» አስጠኚ ይቀጠርለት? ትምህርት ቤት ይቀየር? ስልኩ ይወሰድበት? መልስ ከመስጠቴ በፊት ሐሳቤ ጥሎኝ ይሄዳል። የሚሄደውም ሁልጊዜ እኔን ተማሪ ወዳደረጉኝ ሰዎች ነው። እስቲ ዛሬ ለእናንተም ላውራችሁ፤ ቡናም ካለ እያፈላችሁ ስሙኝ።

የመጀመሪያው፣ መልኩ እንጂ ስሙ የጠፋብኝ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። የኔታ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዝግባ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጭራቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የተኙ ይመስላችኋል። አንዱ ልጅ ፊደል ዘሎ ካለፈ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ተመለስ!» ይላሉ። ያን ሁሉ ልጅ ታዲያ ብቻቸውን አያስተምሩም። አቡጊዳ የደረሰው ሀ ሁ የሚቆጥረውን ይይዛል፣ ዳዊት የጀመረው ደግሞ አቡጊዳ ላይ ያለውን፤ የቄስ ትምህርት ቤት ወጉ እንዲህ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ልጅ ከተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት የወጣች፣ ጠርዟ የተበላ የፊደል ገበታ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል ይነካልኛል። ስንደዶው የሄደበት ዓይኔ ይሄዳል። ስሳሳት አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ስንደዶዋን ወደ ኋላ ይመልሳትና ይጠብቀኛል። ያ መጠበቁ! የእርጥብ ሣሩ ሽታ፣ ከቤተ መቅደሱ የሚወጣው ዕጣን፣ ከሌሎቹ ልጆች ጉሮሮ የሚወጣው ጫጫታ ሁሉ ለእኔ ከዚያ ልጅ ዝምታ ጋር ነው የሚመጣው።

ብዙም ሳይቆይ እኔም አቡጊዳ ገባሁና አንዲት አፍንጫዋ የማይደርቅ ሕፃን ተሰጠችኝ። ስንደዶው እጄ ሲገባ የማውቀውን ፊደል እንደ አዲስ መማር ጀመርኩ። «ይቺስ ማን ናት?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ መስጠት አለብኛ! 231ዱ ፊደል ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን የያዙት ያኔ ነው።

ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መጣ። ደወሉ ከዛፍ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ሲመቱት ገበያው ድረስ ይሰማል። ዴስኩ ለሦስት ቢባልም አራትም አምስትም ሆነን እንጠጋጋለን፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን መጠጋጋቱ ይሞቃል። ሰሌዳው ሲነጣ የምንለቀልቀው እኛው ነን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ ውስጡን አድቅቀን፣ በውኃ በጥብጠን፣ በቅጠል እናሸዋለን። እጃችን ቶሎ አይለቅም። በማግስቱ ቲቸር በአዲሱ ጥቁር ላይ ነጭ ጠመኔዋን ስታሳርፍ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ እኛ የሠራነው ሰሌዳ ነዋ።

የአንደኛ ክፍል አስተማሪያችን ሰማያዊ ጋዋን የምትለብስ ወጣት ነበረች። ያኔ ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ ነው። ከወጨጫ ሥር፣ ከገጠሩ በኩል የሚመጡት ልጆች ደግሞ እቤታቸው የሚሰሙት ኦሮምኛ ነው። ክፍል ውስጥ ድምፃቸው አይወጣም፤ ስማቸው ሲጠራ እንኳ «አቤት» የሚሉት ለራሳቸው ነው። ቲቸር ሁላችንንም በአማርኛ አስተምራ የክፍል ሥራ ትሰጠንና፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄዳ የዴስካቸው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ ትነግራቸዋለች። «ሲፍ ገሌ?» ትላለች፤ ገባህ ወይ ማለቷ ነው። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዛት አልነበረም። ከደሞዟ ላይ የሚጨመርላት ነገርም የለም። የልጆቹ ዝምታ ሆዷን አላስችል ብሏት ነው።

ከእነሱ አንዱ የእኔ ዴስክ ላይ ነበር። እስከ ጥር ድረስ ድምፁን አልሰማሁትም። አንድ ቀን የመደመር ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሁላችንም ጣታችንን ስንቆጥር፣ እሱ ብድግ ብሎ መልሱን በኦሮምኛ ተናገረ። ክፍሉ ሊስቅ ሲል ቲቸር «ጋሪዳ!» ብላ አጨበጨበችና መልሱን ሰሌዳው ላይ ጻፈችለት። ከዚያ ወዲያ በሒሳብ የሚቀድመው አልተገኘም። እኔም ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያልኩ መቁጠር የለመድኩት ከእሱ ጋር በዚያ ዴስክ ላይ ነው፤ በኋላ እንጀራ የበላሁበትን ቋንቋ በነፃ አስያዘኝ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ፣ ከዩኔስኮም ሽልማት ያስገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ዘመቻው ማለት እናቴ ናት። ነጠላዋን ተከናንባ ከቀበሌው አዳራሽ ትመጣለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ከዚያ ኩራዙን ወደ እኔ አስጠግታ «ነይ እስቲ አስጠኚኝ» ትላለች። ስንደዶ እኔ ያዝኩ። የእናቴ ጣት ምድጃ ያጠነከረው፣ ሽንኩርትና በርበሬ የሚሸት ጣት ነው፤ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን ያጠቁረዋል። ደብተሬ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበች ቀን ድጋሚ አነበበችው፤ ከዚያ የአባቴን ስም፤ ከዚያ ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ማንበብ ከቻለች በኋላ ደግሞ ሌላ ልማድ አመጣች። እንጀራ ስትጋግር «መጽሐፍሽን አምጪና አንብቢልኝ» ትላለች። ምጣዱ ሥር እሳቱ ይንጣጣል፣ አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል፣ እኔ የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ አነባለሁ። ስለ ዕፅዋት ሥርና ግንድ ትሰማና «ቆይ ቆይ፤ ያቺን ድገሚልኝ፣ አልገባችኝም» ትላለች። ደግሜ ላስረዳት ስሞክር ለእኔም እንዳልገባችኝ አውቃለሁ። መጽሐፉን መልሼ አየዋለሁ። እናቴ የአምስተኛ ክፍልን ትምህርት አታውቀውም፤ ግን ከብዙ አስተማሪ በላይ አስተማረችኝ፤ ትሰማኝ ነበር፣ የምሯን ነበር የምትጠይቀኝ።

ሰበታ ሲነሳ መርሐ ዕውራን አይቀርም። በአገሩ የታወቀ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች እዚያ ይማሩና ሲጨርሱ ከእኛ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ይገባሉ። ትንሽ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ በሰልፍ ወደ ገበያ ሲወርዱ አያቸው ነበር። እየሳቁ ነው የሚሄዱት። የበትራቸው ድምፅ ከአስፋልቱ ላይ ሲመጣ ባለ ጋሪው እንኳ ጋሪውን ገታ ያደርጋል።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ዕለት አጠገቤ የተቀመጠችው ከእነሱ አንዷ ሆነች። አስተማሪው መናገር ሲጀምሩ ከቦርሳዋ በማጠፊያ የተያያዘ ሁለት የብረት ሰሌዳ አወጣች። የላይኛው በተራ በተራ የተበሱ ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ወፍራም ወረቀት በመሀሉ አስገብታ፣ ስታይለስ የሚሏትን አጭር ወስፌ የመሰለች ነገር በመዳፏ ይዛ ትወጋው ጀመር። ጠቅ ጠቅ ጠቅ! ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየን። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምትሄደው። ገጹ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጣ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቷ አነበበችው። አፌን ከፍቼ ስመለከት እንደምመለከታት አውቃ «ጣትሽን ስጪኝ» አለችኝ።

ስድስት ነጥብ ብቻ ናት። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በልጅነቱ ዓይኑን አጥቶ ገና በ15 ዓመቱ፣ በ1824 እ.ኤ.አ. የቀየሳት ናት። ከስድስቱ ነጥብ 63 ዓይነት ምልክት ይወጣል። የእኛ ያ ሁሉ ፊደል በ63 እንዴት ይበቃል አልኳት። ጣቴን ይዛ ወረቀቱ ላይ አስኬደችው። ተነባቢው ለብቻው ይጻፋል፣ አናባቢው ከኋላው ይከተላል፤ ስለዚህ ይበቃል። እብጥ ያሉት ነጥቦች ጣቴ ሥር ሲያልፉ ምንም አልለየሁም፤ እሷ ግን በዚያ ላይ ስሜን ጽፋልኝ ነበር። ወረቀቷን ዛሬም አላጣኋትም፤ ነጥቦቿ ግን ተዳምጠው ጠፍተዋል።

የሒሳብ አስተማሪያችን ደግ ሰው ናቸው። ጎበዝም ናቸው። ትምህርታቸው ግን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ አዙረው «ይኼ ከዚህ ጋር ይደመራል፤ ይኼኛው ወደዚህ ይሻገራል» ነው። ጠመኔው ይንጫጫል፣ ትከሻቸው ሰሌዳውን ይጋርዳል፣ እኛ ዝም ብለን እንገለብጣለን። ጓደኛዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይኼ የሚሉት የትኛው ነው?» አለች፤ በትሕትና። ክፍሉ ጭጭ አለ። አስተማሪው ዞሩ። ጠመኔውን ከጣታቸው ላይ አራገፉ። «ልክ ነሽ ልጄ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸው የሚጽፈውን አፋቸው ይናገራል። «በቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሲደመር ሦስት፤ ቅንፉን ዘጋሁ፤ አሁን ሁለቱንም ወገን ለሁለት አካፍላለሁ፤ ለምን? ኤክስን ብቻዋን ላስቀራት ስለምፈልግ።» ያቺ «ለምን» ከዚያ በፊት አልነበረችም። ሲናገሩ ነው የመጣችው። ከኋላ ያሉት፣ የሰሌዳው ብልጭታ የሚያስቸግራቸው፣ እጃቸው ቶሎ የማይጽፍላቸው ልጆች ሁሉ ቀና አሉ። ሒሳብ ደመኛው የነበረ ልጅ ሁሉ «ገባኝ» ማለት ጀመረ። ስለ ማስተማር ብዙ ስልጠና ወስጃለሁ፤ ከዚያች ከሰዓት በኋላ የበለጠ ያስተማረኝ ግን የለም። ለአንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ተብሎ የተደረገ ነገር ዓይናችን የሚያየውን ሁሉ ጠቀመን።

መማሪያ መጻሕፍቱ በብሬል አልታተሙም ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ሣር ላይ ቁጭ እንላለን። «ድምፅ እያወጣሽ አንብቢልኝ» ትለኛለች። ታሪክ አነባለሁ፣ ጂኦግራፊ አነባለሁ፤ እሷ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። መጀመሪያ ላይ እንድጨርስ ብዬ እሮጣለሁ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማና «እዚያ ጋ ነጥብ የለም እንዴ?» ትለኛለች። አለ! እንዴት አወቅሽ ስላት «ሐሳቡ እኮ አልቆ ነበር» ትላለች። እንዲህ እያለች ማንበብ አስተማረችኝ። ነጥብ ላይ ማረፍ፣ ያልገባኝ ቃል ላይ መቆም፣ አንቀጹ ሲያልቅ «እንግዲህ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የመጣው ከእሷ ነው።

የትምህርቱ ሲያልቅ ልብ ወለድ ይመጣል። ያኔ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ የሚተርክበት ዘመን ነበር፤ ጓደኛዬ የአዳሪ ቤቱን ሬዲዮ ከብበው ሲሰሙ ክፍሉ ሁሉ ትንፋሽ እንደሚያጣ ትነግረኛለች። ያመለጣትን ክፍል ከመጽሐፉ እንዳነብላት ትፈልጋለች፤ «እንደ ወጋየሁ አድርገሽ» ትለኛለች። ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ እየቀየርኩ አነባለሁ። ሌሎች ልጆችም መጥተው ይቀመጣሉ። ፈተና ደረሰ ቢባል እንኳ የማያጠኑ ልጆች፣ መጽሐፍ የማይነኩ ልጆች። አንዳንዶቹ ኳሳቸውን ሥራቸው አድርገው ተቀምጠው ይሰማሉ።

እሑድ እሑድ እኛ ቤት ትመጣለች። እናቴ ቡና ስትቆላ ጓደኛዬ ጭሱን ሳብ ታደርግና «እማማ፣ ደርሷል፤ ያውርዱት» ትላለች። ልክ ናት። እናቴም «ይቺስ ከእኔ አሳምራ ታያለች» እያለች ጉንጯን ትስማለች። ትልቁ የዳቦ ቁራሽ የእሷ ነው። በምላሹ እናቴ ከመተኛቷ በፊት የምትደግመውን ጸሎት ጓደኛዬ በቃሏ ይዛ ስህተት ስህተቱን ታርምላታለች። ሦስታችንም አስተማሪ ነን፣ ሦስታችንም ተማሪ። የማትሪክ ውጤት የተለጠፈ ዕለት ቁጥሯን ፈልጌ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ግቢው በሙሉ እየሰማ።

የመምህራን ማሠልጠኛ (ቲቲአይ) ጨርሼ የተመደብኩት ሱሉልታ ነው። አውቶቡሱ እንጦጦን አልፎ ወደ ጎጃም መንገድ ሲወርድ ሜዳው በአንዴ ይዘረጋል፤ ድርቆሽ፣ ፈረስ፣ ከብት፣ ሰማይ። ብርዱ የሰበታን ብርድ ያስመሰግናል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል። ልጆቹ ወተት ወተት እየሸተቱ ነው የሚመጡት፤ ላም አልበው፣ ወተቱን መንገድ ዳር ለሚጠብቀው መኪና አድርሰው፣ ከዚያ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡት። አዲስ አበባ ጠዋት ማኪያቶዋን ስትጠጣ የእኔ ተማሪዎች ገና እግራቸው ከጤዛው አልደረቀም።

ያኔ በብዙ ቦታ የዘገየ ተማሪ በር ላይ ይንበረከክ ነበር። እኛ ጋ አንድ አንጋፋ አስተማሪ ነበሩ፤ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የገብስ ቆሎ አለ። በሩ ላይ ቆመው ይቀበላሉ። «ዘገየ እንጂ ቀረ?» ይላሉ። ልጁ መዳፍ ላይ ቆሎ ዘገን አድርገው «ግባ፣ ብላና ተቀመጥ» ይሉታል። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እሳቸው ሁልጊዜ የጋራ ንባብ ነበር የሚያደርጉት፤ አርፍዶ የገባው ልጅ ከመሀል ቢቀላቀል ምንም እንዳይቀርበት ብለው ነው። እኔም ከእሳቸው ወሰድኩ። የቆሎው ጥርስ ለጥርስ መንቋቋት፣ የልጆቹ ትንፋሽ ጉም ሆኖ ሲወጣ፣ ድምፃቸው አንድ ላይ ሲነሳ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ከኋላ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ አበባ የምትሥል። ሁሉም ሰነፍ ናት ይላል። አንድ ቀን የጓደኛዬን ነገር አስታውሼ የምጽፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ ስናገር፣ ልጅቱ ብዕሯን አንስታ መጻፍ ጀመረች። ሰሌዳው አይታያትም ነበር። ፊት አስቀመጥኳት። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ የምትሥለው ሌላ የሚታያት ነገር ስለሌለ ነው። አበባውን ግን አልተወችም፤ የሰጠችኝ የአደይ ሥዕል ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ በይፋ መጻፍ ተጀመረ፤ ቀጥሎም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በልጆቹ ቋንቋ ሆነ። 1986 ዓ.ም. ላይ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አጸናው። ያ ወቅት ለእኔ የማይረሳ ደስታ ነው። ኦሮምኛ ስንናገር ያደግን አስተማሪዎች ጽሕፈቱን እንደ አዲስ እንማራለን፤ ሌሊት ተምረን ጠዋት እናስተምራለን። ባለ ቆሎው አስተማሪ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ከትንንሾቹ ጋር አንድ ፊደል አንድ ፊደል ይጽፋሉ። ልጆቹ ያርሟቸዋል! እሳቸውም ይስቃሉ፣ ይደግማሉ። ልጆቹ ሲያነብቡ የማያውቁት ቃል የለም፤ እቤታቸው ያለው ቃል ነው። የአንደኛ ክፍሉን የሰበታ ልጅ፣ ያን እስከ ጥር ዝም ያለውን፣ ስንቴ አሰብኩት።

አሁን ሱሉልታ ስሄድ ሜዳው በቤት ተሞልቷል። ሯጮች በዝተዋል፤ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መሮጫም እዚያው ነው። ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ሯጮቹ ሁልጊዜ በቡድን ነው የሚሮጡት፤ አንዱ ቀድሞ ነፋሱን ይመክታል፣ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ልጆቹ ይኼን በደንብ ይረዱታል።

ቡራዩስ? ቤቴ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ከድሮ ጀምሮ ውኃ የምትጠጣበት ግድብ ነው፤ ማታ ከዚያ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ሰፈሬ ውስጥ ኩራዝ የሚያውቅ ልጅ የለም። መብራት አለ፣ መጽሐፍ ስልክ ውስጥ ነው፣ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችማ ተማሪ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል፤ ይኼ ትልቅ ነገር ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ወላጅ ከአዲስ አበባ ሥራ ወጥቶ፣ በአምቦ መንገድ ሰልፍ ተጉላልቶ ቤቱ ሲደርስ ልጁ ተኝቷል። ማን ያድምጠው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል የሰማሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚያ ልጆች ደንቆሮ አይደሉም። ስንቶቹ ይሆኑ ጮክ ብለው ሲያነቡ አንድም ሰው ያልሰማቸው?

ስለዚህ ለጎረቤቶቼ የምላቸው ይኼንኑ ነው፤ ምንም የተማሩ ባይሆኑ እንኳ ልጃቸው እንዲያነብላቸው፣ ያልገባቸውን «ድገምልኝ» እንዲሉት። ልጆቹም በረንዳዬን ለምደውታል። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይይዛሉ፤ ስንደዶ ባይኖርም እርሳስ አለ። ጓደኛዬ ዛሬ ራሷ አስተማሪ ናት፤ ክፍለ ሀገር ነው የምትኖረው። ስልኳ ጽሑፍ ያነብላታል፤ «ጥሩ ያነባል፣ ግን ሐሳቡ ሲያልቅ አያውቅም» ትላለች። ሐሙስ ማታ ትደውላለች። ስልኩን በረንዳው መሀል ላይ ድምፁን ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ልጆቹ በየተራ ያነቡላታል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። አንዱ ሲሮጥባት ከስልኩ ውስጥ «እዚያ ጋ ነጥብ የለም እንዴ?» ትላለች። ልጁ ደንግጦ ገጹን ያያል፤ አለ! ከዚያ ሁሉም ይስቃል፤ ቀጥሎ የሚያነበው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብለው ይጨቃጨቃሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሚነበበው መጽሐፍ ላይ ግን ገና አልተስማማንም። ትልልቆቹ ተረት በቃን ይላሉ፤ ትንንሾቹ የጅቡ ተረት ካልተደገመ አንመጣም ብለዋል። ጓደኛዬ ደግሞ «ሁለቱንም አምጡ፣ እኔ ጊዜ አለኝ» ብላለች።